ስለ ሠራተኞች ጤንነትና ከገንዘብ ስለሚበልጠው ሽልማት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሰሜን ለሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ የሚገለጥለት ሰፊ ሜዳ የሱሉልታ ሜዳ ነው። ይህ አገር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ ብርዱ የሚያነቃ፥ በሣሩና በወተቱ የታወቀ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሰበታ፥ ከቡራዩ፥ ከገላንና ከለገጣፎ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃሏል።

በዚህ ሜዳ ማለዳ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ሠራተኞችን ያያል። አንደኞቹ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥተው በሣሩ ላይ የሚሮጡ ወጣቶች ናቸው። ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የመሮጫ ሜዳና ያያ ቪሌጅ የተባለው የስፖርተኞች ማረፊያ በዚሁ ስለሚገኙ፥ ከሩቅ አገር እንኳ እንደ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ ያሉ ስመ ጥሩ ሯጮች መጥተው በዚህ አየር ተለማምደዋል። ሁለተኞቹ ደግሞ ሰርቪስ በሚባሉት አውቶቡሶች ተጭነው ወደ ፋብሪካና ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄዱት ናቸው። እነዚህም በመስኮት ሆነው ሯጮቹን ይመለከታሉ፤ ግማሾቹም ያንቀላፋሉ። ሩጫና ጤና የሯጭ እንጀራ ነው እንጂ የእኛ ጉዳይ አይደለም ብለው የሚያስቡ ይመስላሉ።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት የወደድነው ስለ እነዚህ ስለ ሁለተኞቹ ነው። ሠራተኛው በሥራው ቦታ ጤንነቱን እንዲጠብቅ የሚያነሣሣው ምንድን ነው? ገንዘብ ነውን? ወይስ ከገንዘብ የሚበልጥ ሌላ ምክንያት አለ?

አስቀድሞ ነገሩ ለምን እንደሚያሳስብ እንግለጽ። አባቶቻችን ለገበያ፥ ለሙግትና ለለቅሶ ሁሉ በእግራቸው ይጓዙ ስለ ነበር፥ ሰውነትን ለማንቀሳቀስ የተለየ ጊዜና የተለየ ልብስ አላስፈለጋቸውም። የዛሬው የከተማ ሠራተኛ ግን ከቤቱ ደጅ በመኪና ይሣፈራል፥ በወንበር ላይ ይውላል፥ በመኪና ይመለሳል። ስለዚህ የባለጸጎች አገር በሽታ ይባሉ የነበሩት የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ወደ እኛም ገብተዋል። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ምርመራ፥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ሰዎች መካከል ከመቶው 16 የሚያህሉት ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕመማቸውን አያውቁትም ነበር። ይህ በሽታ ድምፅ ሳያሰማ እያደባ ይኖርና አንድ ቀን ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሰው ይጥለዋል።

መቀመጥ ሰውን እንደሚጎዳ በማስረጃ ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ ጄሪ ሞሪስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም ነው። ይህ ሰው በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች የሚሠሩትን ሠራተኞች መረመረ። ሹፌሩና ትኬት ቈራጩ በአንድ አውቶቡስ የሚውሉ ናቸው፤ ነገር ግን ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ፥ ትኬት ቈራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 በወጣው ጽሑፉ፥ የልብ በሽታ ትኬት ቈራጮቹን ከሹፌሮቹ ይልቅ ያነሰ እንደሚያጠቃቸው አስረዳ። ራሱም ያስተማረውን እየሠራ 99 ዓመት ኖሮ በ2009 ዐረፈ። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ ለዐዋቂ ሰው የሚመክረው፥ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ይህን የመሰለ እንቅስቃሴ ነው። ይህም በቀን ሲከፈል ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ይህ እየታወቀ ስለ ሄደ፥ በውጭ አገርም በእኛም አገር ብዙ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው ጤንነት ማሰብ ጀምረዋል። በእኛ አገር ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች መንገድ ለተሽከርካሪ ተዘግቶ ሕዝቡ በእግሩ እንዲሄድበትና ስፖርት እንዲሠራበት ሲደረግ አይተናል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በያመቱ በሚደረገው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ብዙ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ከነቴራ እየገዙ ያሰልፏቸዋል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በየፋብሪካው የሚገኙትን ሠራተኞች በስፖርት ያወዳድራል። ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ነው።

ነገር ግን አንድ ችግር አለ። የስፖርት ሰዓት ሲታወጅ መጀመሪያ የሚመጡት ጠንካሮቹ ናቸው። የደም ግፊት ያለበት፥ ሰውነቱ የከበደውና ዕድሜው የገፋው በቤቱ ይቀራል። ታላቁ ሩጫም በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ከነቴራው ከታጠበ በኋላ ልማዱም አብሮ ይታጠባል። ይህን ጊዜ አለቆች ወዲያው የሚያስቡት መድኃኒት ገንዘብ ነው፤ ለሚመጣው አበል እንስጠው፥ ለቀረው እንቀንስበት ይላሉ።

ስሙን መጥራት በማያስፈልገን በአንድ መሥሪያ ቤት የሆነውን በዐይናችን አይተናል። ዐርብ ከቀትር በኋላ ለሚደረገው ስፖርት ለሚገኝ ሁሉ ጥቂት ገንዘብ እንደሚሰጥ ተነገረ። በመጀመሪያው ዐርብ ሜዳው ሞላ። በሦስተኛው ዐርብ ግን ሰዎች መጥተው በመዝገብ ከፈረሙ በኋላ በኋላው በር መውጣት ጀመሩ። የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘቡ ቆመ፤ ቀድሞ ያለ ክፍያ ይመጡ የነበሩት ጥቂቶች እንኳ፥ «አሁንማ አይከፈልበትም» እያሉ ቀሩ። ገንዘቡ ያልነበሩትን ሊያመጣ ቀርቶ የነበሩትን ይዞ ሄደ።

ይህ የእኛ አገር ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ2016 በተጀመረ ጥናት 4,834 ሠራተኞች በዕጣ ተለይተው፥ አብዛኞቹ ወደ ጤና መጠበቂያው ሥራ ተጋብዘው የቀሩት ሳይጋበዙ ቀርተው ተመዘኑ። ለጤና ምርመራ እንዲመጡ ምንም ሽልማት ካልተሰጣቸው ከመቶው 47ቱ መጡ። መቶ ዶላር በተሰጠ ጊዜ 59 ሆኑ። ሽልማቱ ወደ ሁለት መቶ ዶላር ቢታጠፍ ግን ወደ 63 ብቻ ከፍ አለ። ከዚህም በላይ፥ ለመምጣት የፈቀዱት አስቀድሞም ጤናማ የነበሩት ሆነው ተገኙ፤ ለሕክምና የሚወጣውም ገንዘብ አልቀነሰም። እንደዚሁም 33,000 ያህል ሠራተኞች ባሉት በአንድ ታላቅ የአሜሪካ የመደብር ድርጅት የተደረገውና በ2019 የታተመው ጥናት፥ ሠራተኞቹ ስለ ልማዳቸው ሲጠየቁ ተሻሽለናል ቢሉም፥ ከ18 ወር በኋላ በክብደታቸውና በደም ግፊታቸው ላይ የታየ ለውጥ አለመኖሩን አመልክቷል።

እውነትን ለመናገር ግን ገንዘብ ከንቱ ነው ብሎ መፍረድም አይገባም። በጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ 878 አጫሽ ሠራተኞች ተከፍለው፥ ለአንደኛው ወገን ትንባሆን ቢተው እስከ 750 ዶላር እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። ከዓመት በኋላ ከእነዚህ ከመቶው 15 ያህሉ ትተው ሲገኙ፥ ሽልማት ካልተነገራቸው የተዉት ግን 5 ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ትንባሆን መተው አንድ ቀን ተቈርጦ የሚጣል ነገር ነው፤ መራመድና ምግብን መመጠን ግን እስከ ዕድሜ ልክ በየቀኑ የሚደገም ነው። ክብደታቸውን እንዲቀንሱ ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች፥ ክፍያው ከቆመ ከጥቂት ወራት በኋላ ካልተከፈላቸው ሰዎች ብዙ ሳይለዩ እንደ ተገኙ ሌላ ጥናት አሳይቷል።

እንግዲህ አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት ለዚህም ነገር ይሠራል። ገንዘብ ሠራተኛውን እስከ ሜዳው ድረስ ሊያደርሰው ይችላል፤ በሜዳው ላይ ግን በእርሱ ፋንታ አይዋጋለትም።

ታዲያ የሚዋጋው ምንድን ነው? መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሱሉልታ ገበሬ፥ የጎጃም ገበሬ፥ የሸዋ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ደቦ ሲጠራ ማንም ደመወዝ አይጠይቅም። ሰው ማጭዱን ይዞ ማለዳ ይመጣል፥ እስከ ማታም ወገቡን አጉብጦ ሲያጭድ ይውላል። ጠላውና እንጀራው ይቀርባል፤ ነገር ግን ያንን ያህል ድካም በጠላ ዋጋ የሚሸጥ ገበሬ የለም።

በደቦ ሰውን የሚያመጡት አራት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፥ በፈቃዱ የመጣ እንጂ የተገደደ አለመሆኑን ያውቃል። ሁለተኛ፥ ቢቀር ጎረቤቱ «እገሌ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰው ተፈላጊ መሆኑን ሲያውቅ ደስ ይለዋል፥ መቅረትንም ያፍራል። ሦስተኛ፥ ባለቤቱ ራሱ ከፊት ሆኖ ያጭዳል እንጂ ከዳር ቆሞ አያዝም። አራተኛ፥ ማታ ላይ የታጨደው ማሳ በዐይን ይታያል፤ የደከመበትን ፍሬ ያላየ ሰው ነገ ለመድከም ልብ አያገኝም።

የሥነ ልቡና ሊቃውንትም በብዙ ምርመራ የደረሱበት ከዚህ አይርቅም። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለው አሜሪካዊ በ1971 ባሳተመው ጥናት፥ ተማሪዎችን በሚያስደስት የመገጣጠም ጨዋታ ፈተናቸው። በጨዋታው ገንዘብ የተከፈላቸው፥ ክፍያው ሲቀር ለጨዋታው የነበራቸው ፍላጎት ቀነሰ፤ ከቶ ያልተከፈላቸው ግን በዕረፍታቸውም ጊዜ መጫወታቸውን አልተዉም። ይህ ሰውና ሪቻርድ ራያን የተባለው ጓደኛው በኋላ እንዳስተማሩት፥ ሰውን ለብዙ ጊዜ የሚያጸናው የራሱ ፈቃድ፥ እችላለሁ የሚለው እምነትና ከሰው ጋር መተሳሰሩ ነው። ገበሬው በደቦ የሚያውቀውን ሊቃውንቱ በጽሑፍ አጸኑት።

ጃፓኖችም ይህን በሥራ አሳይተዋል። ከ1928 ጀምሮ በራዲዮ በሚሰማ ሙዚቃ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ የሰውነት እንቅስቃሴ ያደርጋሉ። በብዙ ፋብሪካዎችና በግንባታ ቦታዎች ሠራተኛውና አለቃው ጎን ለጎን ቆመው ይሠሩታል። ለዚህ የሚከፈል አበል የለም፤ ጊዜው ግን የሥራው ጊዜ ነው።

በእኛም ታሪክ ቢሆን ስፖርት ከሥራ ቦታ የበቀለ ተክል ነው። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድንም በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን የእግር ኳስ ሻምፒዮና አሸንፏል። መብራት ኃይል፥ ንግድ ባንክ፥ ሙገር ሲሚንቶ እያልን ብንቈጥር ስማቸው የታወቀ ብዙ ቡድኖች ከመሥሪያ ቤት ወጥተዋል። ነገር ግን በጊዜ ብዛት ነገሩ መልኩን ለወጠ። መሥሪያ ቤቱ ሃያ ወይም ሠላሳ ወጣቶችን ቀጥሮ እንዲጫወቱለት አደረገ፤ ሺሁ ሠራተኛ ግን ተመልካች ሆነ። ስለ ሌላው መሮጥ ማጨብጨብ ደግሞ የራስን ደም አያንቀሳቅስም።

ስለዚህ በሱሉልታም ሆነ በሌላ ስፍራ ፋብሪካና መሥሪያ ቤት ያላቸው አሠሪዎች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን በትሕትና እናሳስባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜው ከአሠሪው ይሁን። ከሥራ በኋላ ማታ የሚደረግ ስፖርት፥ ቤቷ ሄዳ ምግብ የምታበስለውንና ልጆቿን የምታሳድረውን ሴት ሠራተኛ በር የሚዘጋባት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ከዚህ ከ48ቱ አንዷን ሰዓት ለሠራተኛው ጤና የሚሰጥ አሠሪ፥ ከብዙ አበል የሚበልጥ ስጦታ ሰጠ። ሠራተኛው አሠሪው የሚወደውን የራሱን ጊዜ እንደ ሰጠው ሲያይ ነገሩ የእውነት መሆኑን ያምናልና።

ሁለተኛ፥ ምርጫ ይኑር። በወንበር ላይ የሚውለው ጸሐፊ መራመድ ያስፈልገዋል። ቀኑን ሙሉ ሲያወርድና ሲጭን ለሚውለው ግን ሩጫ መጨመር ሸክም ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው የወገብ ማረፊያ፥ ንጹሕ ውኃና ትክክለኛ የአነሣሥ ትምህርት ነው። ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ ይሻል። ለሁሉም አንድ ፊሽካ የሚነፋ አለቃ የማንንም ድካም አላወቀም። ሠራተኞቹ ራሳቸው በማኅበራቸው ተመካክረው የሚስማማቸውን ቢመርጡ፥ የመረጡትን ይጠብቁታል።

ሦስተኛ፥ ሰዎቹ በትንንሽ ጓድ ይከፈሉ። አምስት መቶ ሰው በሚሰለፍበት ሜዳ አንድ ሰው ቢጎድል ማንም አያውቅም። በስምንት ወይም በዐሥር ሰው ጓድ ግን የቀረው ይታወቃል፥ ይጠየቃል፥ ቢታመምም ይጎበኛል። ዕድርና ማኅበር ባለበት አገር ይህን ለመሥራት አዲስ ጥበብ መማር አያስፈልገንም።

አራተኛ፥ አለቃው ራሱ ይምጣ። ሠራተኞቹን ወደ ሜዳ ልኮ እርሱ በመኪናው የሚያልፍ አለቃ፥ ነገሩ የታናናሾች ቅጣት እንደ ሆነ አስተማረ። ሆዱን ይዞ እያለከለከ ከኋላ የሚከተል አለቃ ግን፥ ከብዙ ደብዳቤ ይልቅ ሰውን ያነሣሣል።

አምስተኛ፥ የምርመራ ምሥጢር ይጠበቅ። ሠራተኛው የደም ግፊቱ ወይም የስኳሩ ቍጥር ወደ አስተዳደር ክፍል እንደሚደርስና ምናልባት ከሥራ እንደሚያስወጣው ከጠረጠረ፥ መቶ ብርም ቢሰጡት ክንዱን አይዘረጋም። ውጤቱ ለሐኪሙና ለራሱ ብቻ ይሁን። ያን ጊዜ ቍጥሩን በየወሩ በገዛ ደብተሩ እየጻፈ መሻሻሉን ሲያይ፥ እንደ ታጨደው ማሳ ይሆንለታል። ሽልማቱም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ፥ «ይህ ነገር ደመወዝ ላለመጨመር የተፈለገ ምክንያት አይደለምን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በግልጽም ልንመልስለት ይገባናል። ከገንዘብ የሚበልጥ ምክንያት አለ ማለት፥ ገንዘብ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቁርስ ሳይበላ የመጣን ሰው ሩጥ ማለት ግፍ ነው። በቂ ያልሆነ ደመወዝ የሚከፍል፥ አቧራና ጭስ ባለበት ክፍል ያለ መከላከያ የሚያሠራ አሠሪ፥ ዐርብ ዐርብ ኳስ ስለ ሰጠ ስለ ሠራተኛው ጤንነት አሰበ አይባልም። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ራሱ አሠሪው የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም፥ በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን ሠራተኞች በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ይህ ግዴታ ነው፤ ስፖርቱና ጉባኤው ከዚህ በኋላ የሚመጣ በጎ ፈቃድ ነው። ግዴታውን ሳይፈጽም በጎ ፈቃዱን የሚያሳይ ሰው፥ መሠረት ሳይጥል ጣራ እንደሚያለብስ ግንበኛ ነው።

ነገር ግን ደመወዝና የጤና ሽልማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደመወዝ ለሠራተኛው የድካሙ ዋጋ ነው፤ ሊከበርና በጊዜው ሊከፈል ይገባል። ጤናው ግን የራሱ ሀብት ነው እንጂ ለአሠሪው የሚሸጠው ዕቃ አይደለም። ለሚራመድበት እርምጃ ዋጋ ስንከፍለው፥ ሳናውቀው እርምጃው የእርሱ ሳይሆን የእኛ እንደ ሆነ እንነግረዋለን። እርሱም መክፈሉን ስናቆም መራመዱን ያቆማል፤ ስለ ገዛነው ብቻ ይሸጥልን ነበርና።

በሱሉልታ ሜዳ ማለዳ የሚሮጡት ወጣቶች ከእነርሱ መካከል ጥቂቱ ብቻ ሀብትና ስም እንደሚያገኝ ያውቃሉ። ሆኖም በማግሥቱም በዚያው ብርድ ይነሣሉ። ጓደኛቸው በሩን ስለሚመታ፥ ትናንት ከሮጡት ዛሬ ጥቂት ስለሚፈጥኑ፥ መንገዱንም ራሳቸው ስለ መረጡት ይነሣሉ። በአውቶቡሱ መስኮት የሚመለከታቸው ሠራተኛ እንደ እነርሱ ይሩጥ አንልም። ነገር ግን ጥቂት ጣቢያ ቀደም ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ወርዶ የቀረውን መንገድ በእግሩ እየተጫወተ ቢሄድ፥ አሠሪውም በበሩ ላይ የመግቢያውን ሰዓት ስለዚህ ነገር ጥቂት ቢያሰፋለት፥ ማንም ለማንም ምንም ሳይከፍል ሁለቱም ያተርፋሉ።

ጤናማ ሠራተኛ ለቤቱ ምሰሶ፥ ለመሥሪያ ቤቱ ጉልበት፥ ለአገሩም ሀብት ነው። ይህን ምሰሶ በገንዘብ ብቻ ለማቆም የሚሞክር ሁሉ ገንዘቡ ባለቀ ቀን ምሰሶው ሲወድቅ ያያል። በፈቃድ፥ በወዳጅነትና በአለቃው መልካም ምሳሌ የቆመ ግን ይጸናል። እንግዲህ አሠሪዎችም ሠራተኞችም ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር በየማኅበራቸው አንሥተው እንዲመካከሩበት አደራ እንላለን።